የአባዬ መላጫ፦ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና

ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ዓርብ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነስቼ አቃቂ እማዬ ቤት ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ በጭስ ሆኗል። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቤት ይጠረጋል፣ ግቢ ይጸዳል፣ ቆሻሻው በየደጁ ይቃጠላል። እማዬ ይህን ቀን እንደ ዋዛ አታልፈውም። ዘንድሮ ግን የምታወጣው ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። አባዬ ካረፈ አራት ወር ሆኖታል፤ አልጋው ሥር የነበረውን ካርቶን እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም። ዛሬ ጎትታ አወጣችው።

አንድ እጀታው የተሰበረ መነጽር። የጡረታ ደብተሩ። በቀይ እስክሪብቶ ያረማቸው የተማሪ ወረቀቶች። ከታች ደግሞ የድሮ የካራሜላ ቆርቆሮ፣ ውስጡ የጢም መላጫው።

እማዬ ቆርቆሮውን ሳትከፍት ወደሚጣለው በኩል አደረገችው። «የሰው ምላጭ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ክተተው» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም። እኛን ያሳደገችው «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» ጠዋት ማታ በሬዲዮ በሚነገርበት ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አገራችን ውስጥ ከታዩ በኋላ ምላጭ የሚባል ነገር በየቤቱ ተፈራ። ቁምጣ ለባሽ ሳለሁ ጸጉሬን ለመስተካከል ስሄድ የራሴን ምላጭ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኝ ነበር።

ስለዚህ ምላጩና መላጫው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳኋት። ምላጩ ስስ ብረቱ ነው፣ እሱ ይጣላል። መላጫው መያዣው ነው። በክንፎቹ መሐል ዝጎ የተጣበቀውን ምላጭ በጉጠት አውጥቼ እሷ እያየችኝ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። መላጫውን ከነቆርቆሮው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዝም አለች። አለመከልከሏን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ላጸዳው ነው። ልጄ 16 ዓመት ሞልቶታል፣ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጥቁር ጥላ ማጥላት ጀምሯል። ከአያቴ ወደ አባዬ ያለፈ መላጫ ነው፣ ወደ እሱ ቢያልፍ ደስ ይለኛል። የምሠራውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ከመንካቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። አንዴ ከታጠበ በኋላ የነበረበትን መልክ መመለስ አይቻልምና ይህን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ጥሩ ነው።

ዕቃው ይህን ይመስላል። እንደ ጣት የሚረዝም እጀታ አለው፣ እንዳያንሸራትት በቀጭን በቀጭኑ ተፈልፍሏል። ከግርጌው ያለችውን መዞሪያ ስታዞራት ጭንቅላቱ ላይ ያሉት ሁለት ክንፎች እንደ መስኮት ይከፈታሉ፣ ምላጩን መሐል ላይ አስቀምጠህ መልሰህ ታዞራለህ፣ ይዘጋሉ። የሚፈታ፣ የሚገጠም፣ የሚጠፋ ቁራጭ የለውም። ማለት የፈለግኩት፣ እንዲህ መሥራት ነበረበት። አሁን ግን መዞሪያዋ ሩብ ያህል ዞራ ቀጥ ትላለች። ክንፎቹ የተከፈቱት ለግማሽ ነው።

አካሉ ነሐስ ነው፣ ላዩ ኒኬል የተነከረ። አብዛኛው ኒኬል አለ። የአውራ ጣትና የሌባ ጣት የሚያርፉበት ቦታ ላይ ግን ኒኬሉ ተበልቶ ወርቃማው ነሐስ ብቅ ብሏል። ጣቶቼን እዚያ ላይ ሳሳርፍ ልክ ገጠሙ። ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከጭንቅላቱ ሥር የጂሌት ስም፣ በአሜሪካ መሠራቱ፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ተቀርጿል፦ ዲ እና 2። ይህቺ ነገር ሁለት ሰዓት ወሰደችብኝ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ መላጫዎቹ ላይ የተሠሩበትን ዘመን በፊደልና በቁጥር ይመታ ነበር። ፊደሉ ዓመቱን፣ ቁጥሩ ከዓመቱ አራት ሩብ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ለአሜሪካ ሥሪቱ በሃምሳዎቹ ውስጥ ኤ ማለት 1955 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቢ 1956፣ እያለ ዲ ላይ 1958 ይደርሳል። 2 ማለት ሁለተኛው ሩብ። በእኛ ሲቆጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ 1950 መሆኑ ነው።

አሁን ችግሩ። በቤታችን የሚነገረው ታሪክ አያቴ መላጫውን አባዬ የተወለደ ጊዜ ከአስመራ ገዝቶ መጣ የሚል ነው። አያቴ ሾፌር ነበር፣ መጀመሪያ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላ ኤንትሬ የሚባሉትን የጭነት መኪኖች ይነዳ ነበር። የአስመራው ነገር ያስኬዳል። አሜሪካኖቹ ከ1943 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. እዚያ የመገናኛ ሠፈር ነበራቸው፣ ቃኘው የሚባለው፤ አሜሪካ ሠራሽ መላጫ ያንን መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር እጅ ቢገባ አይገርምም። አባዬ ግን የተወለደው ጥር 1950 ነው። እሱ ሲወለድ ይህ መላጫ ገና አልተሠራም። አባዬ ቢያንስ በሁለት ወር ገደማ ይበልጠዋል።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። «እኔ እሱ የነገረኝን ነው የነገርኩህ» አለችኝ። ከዚያ ቆየት ብላ፣ «አባቱ መንገድ ላይ ስለነበር ያየው ከተወለደ ከብዙ ወር በኋላ ነው ይሉ ነበር» ብላ ጨመረች። ታዲያ ታሪኩ ውሸት ላይሆን ይችላል ማለት ነው። አያቴ ወንድ ልጅ ተወልዶለት፣ ጭነት ላይ ሆኖ፣ አስመራ ላይ ለራሱ አዲስ መላጫ ሲገዛ ይታየኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ፊደሏና ቁጥሯ ግን ግምት አይደሉም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ውኃ መጣ! እኛ ሰፈር ውኃ በወረፋ ነው፣ ሲመጣ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሯሯጣል። መጀመሪያ የቤቱን ሞላሁ፣ ከዚያ ለመላጫው አንድ ሳህን ለብ ያለ ውኃ አዘጋጀሁ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገህ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልክ መፈተግ። የፈላ ውኃ አልተጠቀምኩም፣ አሮጌ ዕቃን በአንዴ ማጋል አያስፈልግም። አመድና አሸዋ የእናቶቻችን የድስት መፈተጊያ ናቸው፣ ለኒኬል ግን ጠር ናቸው። ሎሚና ኮምጣጤም ቢሆን ነጩን ቅርፊት ያሟሟሉ፣ ረስተኸው ካደርክ ግን ኒኬሉን ያደበዝዙታል። ቅርፊቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ታች ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፣ ከሳሙና ጋር ተዋህዶ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይሆናል።

ብሩሹን ክንፎቹ ሥር ሳስገባ ግራጫ ነገር መውጣት ጀመረ። ሳሙና መሰለኝ። ሳህኑን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ሳሙና ብቻ አልነበረም። ነጭ የጢም ቁርጥራጭ ነው፣ ደቃቅ፣ እንደ ጤፍ ገለባ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ።

የአባዬ ጢም።

ብሩሹን አስቀመጥኩ። ያንን ውኃ መድፋት አልቻልኩም። እስከ አርባው ጢሜን ሳልላጭ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ያ ሁሉ ቀን ያላለቀሰው ዓይኔ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ላይ አለቀሰ። ሳህኑን በክዳን ከድኜ ፍሪጁ ላይ ሰቀልኩት።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ጠዋት ለእህቴ ደወልኩላት። ታናሼ ናት፣ ከእማዬ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት ወዲያው አልመለሰችልኝም።

«እኔ ነኝ የላጨሁት» አለች። «ሆስፒታል ሊገባ ሲል፣ ዋዜማውን።»

አላውቅም ነበር። አባዬ ግራ እጁና ግራ እግሩ ከያዘው ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ቀኑ እሷ ናት የምትላጨው። በሌላ መላጫ አልላጭም ብሎ፣ በዚሁ። መዞሪያዋ ስትጠብቅባት በፎጣ ይዛ እያዞረች። እኔ ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ ፊቱ ጥርት ብሎ ሳየው «ዛሬ አምሮብሃል» እለው ነበር፣ ማን እንዳሳመረው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ውኃውን ምን ላድርገው?» አልኳት።

«ድፋው። አባዬ ቆሻሻ አይወድም። ደህና አድርገህ እጠበው።»

ማታ ደፋሁት፣ የበረንዳው አበባ ሥር።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ውኃ የለም። መብራትም እስከ ማታ ጠፍቶ ነበር። መዞሪያዋ ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አደረግኩባት፣ ዘቅዝቄ አሳደርኳት። ሌላ የተሠራ የለም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ዘይቱ ትንሽ ረድቷል። አሁን ግማሽ ዙር ትዞራለች። ከዚያ አልፎ ማስገደድ ስለፈራሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። አሮጌ ብረት፣ የፕሪመስ ክፍል፣ የጠፋ ቡሎን፣ የሰባ ዓመት ማንጠልጠያ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ብረት የሚያውቅ ሰውም እዚያ አለ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ወጣቱ ሠራተኛ ሳያየው ፒንሳ አነሳ። ከእጁ ላይ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። ፒንሳ እነዚያን ቀጫጭን ፍልፍሎች አንዴ ከነከሳቸው ለዘለዓለም ይቀራል። ሌላው ደግሞ አይቶ፣ «ኒኬል እንንከረው፣ አዲስ አድርገን እንስጥህ» አለኝ። ዋጋውን ሳይሆን የሚያደርጉትን ጠየቅኩት። የድሮውን ኒኬል በሙሉ ይገፉታል፣ ነሐሱን በሞተር ያሻሹታል፣ ከዚያ ይነክሩታል። ያብረቀርቃል፣ አዎ። ግን የአባዬና የአያቴ ጣቶች የበሉት ቦታ ይጠፋል። ፊደሏና ቁጥሯም ትደበዝዛለች። አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጣታቸውን ልብሳቸው ላይ ጠርገው፣ እንደ ሕፃን ይዘው አዩት። «ጋሼ፣ ይሠራል?» አልኳቸው። «እሱማ ይሠራል፣ አንተ ነህ የቸኮልክ» አሉኝ። ዘይቱ የቀረው ከደረቀው ሳሙና በላይ ስለሆነ ውስጥ አልደረሰም አሉ። መጀመሪያ ሳሙናውን አሟሟው፣ ለብ ባለ ውኃ ደጋግመህ ዘፍዝፈው፣ በየጊዜው ወዲያና ወዲህ አድርጋት፣ ስትለቅ ያን ጊዜ ዘይት ጠብ አድርግ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሻይ ልጋብዝዎት ብዬ እሺ አሉኝ፣ ከስኳር ጋር ብቻ፣ ጾም ነው።

ሻይ ላይ «ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚለውን ተረት አነሱብኝና፣ ምላጭ ድሮ የቤት ሐኪም እንደነበረች አጫወቱኝ። ቁስል የሚበጣባት፣ ዋግምት የሚታገምባት እሷ ናት። አንዲት ስለት ለስንቱ ሰው! የእማዬ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ያኔ ይበልጥ ገባኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ለቀቀች። እሳቸው እንዳሉኝ ለአራት ቀን ማታ ማታ ዘፈዘፍኳት፣ ትናንት ሌሊት በመጨረሻው ላይ ጣቴ ሥር «ጠቅ» የምትል ነገር ተሰማኝና መዞሪያዋ ሙሉውን ሄደች። ክንፎቹ ተከፈቱ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።

ግን ዛሬ ደግሞ አጠፋሁ። ደስታው አቅሌን አስቶኝ ብራሶ የሚባለውን የብረት ማብሪያ ገዛሁና በጨርቅ እጀታውን ማሻሸት ጀመርኩ። ጨርቁ ጠቆረ፣ ዕቃው አበራ፣ እኔም ቀጠልኩ። ብራሶ የሚያበራው ላዩን እየፋቀ መሆኑን ረስቼ። ከእጀታው ጫፍ፣ ማንም ጣት ነክቶት በማያውቅ ቦታ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ወርቃማ ነሐስ ብቅ አለች። ስልሳ ስምንት ዓመት የቆየ ኒኬል በአምስት ደቂቃ።

አንዱን ጎን ጨርሼ ሁለተኛውን ሳልነካ አቆምኩ። ሌሎች እንዳይደግሙት እጽፈዋለሁ፦ ኒኬል የተነከረ ዕቃ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ደብዘዝ ቢል ይደብዝዝ። ያቺ የምስር ፍሬ አሁን የእኔ ምልክት ሆና ትኖራለች፣ የእነሱ ግን ከስድሳ ዓመት ጠዋት የመጣ ነው፣ የእኔ ከችኮላ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ

አቃቂ ነበርን። መላጫውን ይዤ ሄድኩ፣ የሽሮው ሳህን ከተነሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ እጇን ሳትዘረጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች።

ከጨርቁ የወጣው የአያቷ ምላጭ ነው። ጂሌት ከመምጣቱ በፊት የነበረው፣ ቀጥቃጭ የሠራው፣ እንደ ቅጠል ጠፍጠፍ ያለ ብረት። በዚህ የሕፃናት ራስ ይላጭ ነበር፣ ለወንዱ ቁንጮ፣ ለሴቷ ጋሜ እየተተወ። እማዬ ራሷ በዚህ ተላጭታለች። «ስታለቅሽ ይቆርጥሻል እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር» አለች፣ እየሳቀች። ሚካኤል ዕለት «የሰው ምላጭ ቤት ውስጥ አይቀመጥም» ያለችኝ ሴት ይህን ሁሉ ዘመን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አላነሳሁባትም።

ልጄ ድንጋይ ላይ ስለን እንሞክረው አለ። አይሆንም አልኩት። ስለቱ ተበልቷል፣ አንድ ጥግ ላይ ተሸርፏል፣ ቢሳል ደግሞ ከብረቱ ይቀንሳል። ማንም ራስ ላይ ስለማይውል ለምን? ደረቅ ጨርቅ፣ በጣም ስስ ዘይት፣ እርጥበት የሌለው ቦታ። ይበቃዋል። መላጫውን እየሠራሁ ይህን መተዌ የማይስማማ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ግን አንዱ ገና ይላጭበታል፣ አንዱ ሥራውን ጨርሷል።

ከዚያ ለማን ይሁን የሚለው ተነሳ። ወንድሜ ከአሜሪካ በቪዲዮ ገብቶ ነበር፣ እሱም ይፈልገዋል። እኔ ያሰብኩትን ተናገርኩ፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእኔ ወደ ልጄ። እህቴ ዕቃ ልታነሳ ተነስታ ነበር፣ ቆመች። «እኔ ጢም ስለሌለኝ ነው?» አለች። በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ሁሉንም አልጽፍም። ሁለት ዓመት በዚያ መላጫ አባቴን የላጨች ልጅ እዚያው ቆማ እኔ ስለ ወንድ ዘር ሳወራ ነበር። መላጫው የእሷ ነው። ወንድሜም ወዲያው እሺ አለ። የእማዬ አያት ምላጭ ከእማዬ ጋር ይቆያል። ልጄ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «አክስቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላጭ ግን ታውሺኛለሽ?» አላት።

«አላውስህም። እኔ ነኝ የማሳይህ» አለችው።

ታኅሣሥ 12፣ እሁድ

ለልጅ ከመድረሱ በፊት በእኔ ፊት ላይ መሞከር አለበት። እህቴን አስፈቅጄ ወሰድኩት።

በመጀመሪያ ንጽሕናው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ዕቃ ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል፣ ስለዚህ ይህ የምር ጉዳይ ነው። በሳሙና በደንብ ታጥቧል፣ ከታጠበ በኋላ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አቆየሁት፣ አደረቅኩት። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ፣ ከፓኬት የወጣ። በቤተሰብ ውስጥ የሚያልፈው መያዣው ነው፣ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው አያልፍም፣ ለአንድ ጊዜም፣ ለወንድምም።

ደግነቱ ምላጩ አሁንም በየሱቁ አለ። ኪንግ ጂሌት ኩባንያውን ያቋቋመው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው፣ መሸጥ በጀመረበት በ1903 የተሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበሩ። እስከ ዛሬ የሁለት ወገን ስለት ምላጭ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፣ ቅርጹም ያው ነው። ከሱቅ የገዛሁት ምላጭ የ1950 መላጫ ውስጥ ሸርተት ብሎ ገባ። ክንፎቹን ዘግቼ ከብርሃን ትይዩ ከላይ አየሁት፣ ስለቱ በሁለቱም በኩል እኩል ብቅ ማለት አለበት። በአንዱ በኩል በጣም ትንሽ ይበልጣል። ምላጩን አውጥቼ እንደገና አስተካክዬ ሳስቀምጠው እኩል ሆነ።

ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጌ ተቀባሁ። እዚህ ላይ አባዬን አስታወስኩት። አስተማሪ ነበር፣ ሁልጊዜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ የግቢው ቧንቧ አጠገብ ምሰሶው ላይ በተሰቀለች መስታወት ፊት ይቆማል። ምላጭ በማይገኝበት ጊዜ የደነዘዘውን ምላጭ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ በጣቱ ጎኑ ላይ ተጭኖ ወዲያ ወዲህ እያለ ይስለው ነበር፣ ያ «ሽር ሽር» የሚለው ድምፅ ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። ምላጩ የሚዝግ ብረት ነበር፣ ስለዚህ በየቀኑ ያደርቀዋል። ለጢም ካልሆነች ደግሞ ምላጯ አትጣልም፤ በወረቀቷ ውስጥ እንዳለች ለሁለት ይሰብራትና ግማሿ ለእኛ እርሳስ መቅረጫ፣ ግማሿ ለእማዬ የስፌት መተርተሪያ ትሆናለች። ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የአንደኛ ክፍል እርሳስ ነው።

ተላጨሁ። አልጫንኩትም፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ስለቱን ወደ ፊቴ ሠላሳ ዲግሪ ያህል አጋድሜ፣ ጢሙ በሚወርድበት አቅጣጫ ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ። እንደኔ ጢማችሁ ጥቅልል ያለ ከሆነ ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት የፕላስቲክ መላጫ ጸጉሩን ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ ተመልሶ ሲበቅል ወደ ውስጥ ይገባና ብጉር ይሆናል። አንገቴ ስንት ዓመት የቆሰለው በዚህ ነው። አንድ ስለት ከላይ ከላዩ ወስዶ ያልፋል። አንድ ቦታ ብቻ፣ አገጬ ሥር፣ ነካኝ። ሸብ በውኃ አርሼ ያዝኩበት፣ ቆመ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ወረቀቱን ዛሬ ጻፍኩት። ከቆርቆሮው ክዳን ሥር የሚቀመጥ፣ በእጅ፣ በአንድ ገጽ። የሚነገረው፦ አያታችን አባታችን ሲወለድ ከአስመራ ገዛው። የሚታየው፦ ዲ 2፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ 1950 የተሠራ። ሁለቱንም ጻፍኳቸው፣ አንዱን ለማስደሰት ሌላውን አልሰረዝኩም። ጣቶች የበሉት ቦታ የማን እንደሆነ። የምስር ፍሬዋ የማን እንደሆነች። አባዬን ሁለት ዓመት የላጨችው ማን እንደሆነች፣ ከነሙሉ ስሟ። ለወንድሜ ፎቶዎቹን በሙሉ ላክሁለት።

ብራሶውን ለጎረቤት ሰጠሁት፣ የነሐስ መቅረዝ አላቸው።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ የገና ዋዜማ

እህቴ ከሰዓት በኋላ ከእማዬ ጋር መጡ። ውኃ ትናንት መጥቶ ስለነበር ሮቶው ሙሉ ነው። ልጄ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ሸሚዙን አውልቆ ሲጠብቅ ነበር፣ ሊሾም የተቀመጠ ይመስላል።

እህቴ እጇን ታጠበች። ከፓኬቱ አዲስ ምላጭ አወጣች። መዞሪያዋን ስታዞር አየኋት፤ በፎጣ ለመያዝ ግራ እጇ ተዘርግቶ ነበር፣ ሁለት ዓመት እንደለመደችው፣ ግን መዞሪያዋ በሁለት ጣት ሄደችላት። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም፣ እኔም አላልኩም።

ከዚያ ሙቅ ፎጣ ፊቱ ላይ አደረገችለት፣ ሳሙናውን ቀባችው። «ጉንጭህን ንፋው። እንደሱ። አሁን አትናገር።» የመጀመሪያዋን መስመር እሷ ወሰደች፣ ከጆሮው ሥር ወደ ታች። ሁለተኛዋን እጁን ይዛ አብረው። ሦስተኛዋን ለብቻው። አባዬን ስትላጭ ዝም ያለውን ከንፈሩን ጎን በአውራ ጣቷ ወጠር ታደርገው ነበር፣ ያንኑ ሳታስበው ለልጄም አደረገችለት፣ የእሱ ከንፈር ደህና ሆኖ ሳለ።

እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች። ዶሮው ተዘጋጅቶ ለሌሊቱ ይጠብቃል፣ ቤቱ በሽንኩርት ሽታ ተሞልቷል። ልጄ ጨርሶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ አጠበና አያቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ጉንጩን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። «እደግ» አለችው።

እህቴ ምላጩን አውጥታ በወረቀቱ ጠቀለለችው። ክንፎቹን ከፍታ መላጫውን አለቀለቀች፣ አራገፈችው፣ በጨርቅ ማድረቅ ጀመረች።

«ውስጡንም አድርቂው እንጂ» አለቻት እማዬ።

ውስጡንም አደረቀችው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው፣ ቆርቆሮውን ቦርሳዋ ውስጥ።